ማስቲሽ የሚሸት እጅ

ሚያዝያ 7 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ተሰደበ።

ቀኑን እንዴት አወቅህ አትበሉኝ። የነገረኝ ራሱ ተሰዳቢው ነው። ሰዓቱን ሳይቀር። በድንኳኑ ውስጥ በስተቀኙ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን ጥርሱን አውጥቶ እንደ ሳቀ፣ ማን አፉን በነጠላው ሸፍኖ እንደ ሳቀ፣ ሁሉንም ያውቃል። የተሰደበ ሰው እንዲህ ነው። ማስታወሻ ደብተር አያስፈልገውም።

ሰውየው እምሩ ይባላል። ሥራው ጫማ መስፋት ነው። ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር፣ በርጩማውን አስቀምጦ ይውላል። ትምህርቱ ያን ጊዜ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም ነበር። ያን እሑድ የሰፈሩ ዕድር አዲስ ጸሐፊ ሊመርጥ በድንኳኑ ተሰብስቦ ሳለ፣ አንድ ጎረቤት፣ የእምሩ ጽሕፈት ያምራል፣ እሱ ይሁንልን ብሎ ጠቆመው። እምሩ ደረቱ ሞቀ። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ነገር ተጠቁሞ አያውቅም።

ጠበቃው አቶ መኳንንት ፊት ለፊት ካለው ወንበር ሳይነሡ፣ አንገታቸውን ብቻ ዞር አደረጉ።

"ማስቲሽ በሚሸት እጅ ነው መዝገባችን የሚያዘው?" አሉ። "ኋላ ገጹ ከጣቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀርብን።"

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። የጠቆመው ጎረቤት እንኳ ሳቀ። ሌላ ሰው ተመረጠ። እምሩ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ደብቆ፣ ስብሰባው እስኪበተን ድረስ ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ አንድ ስድብ ስንት ዓመት ይቆያል? ተናጋሪው ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ተኛ። ሰሚውስ? ሰሚው አሥራ አራት ዓመት አልተኛም።

እምሩ በመጪው መስከረም ዘጠነኛ ክፍል ገባ፤ ቀን እየሰፋ፣ ሲመሽ እየተማረ። ወደቀ፣ ደገመ። አቋረጠ፣ ተመለሰ። በመካከሉ ጉልበቱ ከበርጩማው ዝቅታ የተነሣ መታጠፍ እንቢ አለው። ጫማ የሚያሰፋውም ሰው ቀነሰ፤ የተቀደደውን ጥሎ አዲስ ፕላስቲክ መግዛት ቀሎታል። መጨረሻ ላይ መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ በረንዳው ይፈርሳል ተባለ። አያችሁ፣ ሰው ሥራውን የሚለውጠው ሁልጊዜ ፈልጎ አይደለም። አንዳንዴ ሥራው ራሱ ቀድሞ ይሄዳል።

እንግዲህ በአርባ አራት ዓመቱ አሥራ ሁለተኛን አለፈ። ሚስቱ ትሁኔ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ምን ልትማር ነው ብላ ጠየቀችው። ሕግ አላት። መቼ ነው ሕግ የወደድኸው አለችው። አቶ መኳንንት የተማሩት ሕግ ነው አላት።

ትሁኔ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

"አምስት ዓመት ሙሉ እሳቸውን እያሰብህ ልትማር ነው? እኔን እንኳ አንድ ሳምንት እንዲያ አስበኸኝ አታውቅም።"

እሱ አልሳቀም። ነገሩ ለእሱ ቀልድ አልነበረም። ከሥራው የተረፈው ዕድሜ ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚበቃ ነው። ሁለተኛ ተሳስቶ፣ ሁለተኛ ተመልሶ የሚጀምርበት ጉልበት የለውም።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ወደ ከተማው ኮሌጅ ሄደ። ፎርም ሰጡት። በፎርሙ ላይ ሦስት ባዶ መስመሮች አሉ፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። እምሩ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቱ አንደኛው ላይ ሕግ ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ላይ ሕግ ብሎ ጻፈ። ሦስተኛውም ላይ ሕግ ብሎ ጻፈና ሰልፉ ውስጥ ቆመ። የልጁ እኩዮች ከፊቱም ከኋላውም ተሰልፈዋል። እሱ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያያል። ጫማ ሰፊ ሰውን የሚያውቀው ከእግሩ ነው።

መዝጋቢዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች። ፎርሙን አነበበች፤ ቀና ብላ አየችው፤ እንደገና አነበበች።

"ጋሼ፣ ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው የሞሉት።"

"የምፈልገው አንድ ስለሆነ ነው።"

ለምን ሕግ እንደ መረጠ በትሕትና ጠየቀችው። ቢሉት ቢሉት አፉን ለመክፈት የሚቸገረው ሰው፣ እንደ ተሞላ በርሜል ፈሰሰ። ሚያዝያ ሰባትን ነገራት። ድንኳኑን ነገራት። ማስቲሹን፣ ገጹን፣ ሳቁን ነገራት። ከኋላው ያሉት ልጆች ይንሾካሾኩ ጀመር። እሷ ግን እስኪጨርስ ሰማችው። ሲጨርስ ሌላ ፎርም ላምጣልዎት ብላ ተነሣች።

ስትራመድ እምሩ እግሯን አየ።

የግራ ጫማዋ ከቀኙ በአራት ጣት ከፍ ይላል። ቆዳው አዲስ ነው፤ ስፌቱ የሌላ ሰው እጅ ነው። ከሥሩ ያለው ከፍታ ግን ከአንድ ድፍን ጎማ የተቆረጠ አይደለም። በስሱ በስሱ የተደራረበ ነው። ቆጠረው። አምስት ድርብ።

"ዘህራ?" አላት።

ቆመች። "እኔማ በበሩ ሲገቡ ነው ያወቅሁዎት። እርስዎ ናቸው እንጂ ፊት የማያዩት። ያኔም እግሬን ብቻ ነበር የሚያዩት።"

ይህች ልጅ ማን ናት? በሕፃንነቷ ታምማ አንድ እግሯ ያጠረባት ልጅ ናት። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቷ ሳለ፣ ሰኞ ሰኞ ከገጠር ለገበያ የምትመጣው እናቷ በጀርባዋ አዝላ እምሩ ፊት አስቀመጠቻት። እምሩ የጎደለውን ለካ፤ አራት ጣት። ከመኪና ጎማ አራት ጣት ቆርጦ አንድ ጊዜ ለጠፈበት። ልኩ ልክ ነው። ልጅቷ ተነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ በአገጯ ተደፋች። አያችሁ ስሕተቱን? ዕድሜዋን ሙሉ ዘንበል ብሎ የኖረን ወገብ በአንድ ጀምበር ቀጥ በል አለው።

እምሩ ያን ጎማ ነቅሎ ጣለው። በምትኩ አንድ ስስ ድርብ ሰፋላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ሁለተኛውን ጨመረ። ከዚያ ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ጫማው ሲያልቅባት በሄደችበት ከተማ ሁሉ ለሌላ ጫማ ሰፊ አሮጌውን እያሳየች፣ እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ ትል እንደ ነበር ነገረችው።

ከዚያ ዘህራ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እርስዎ የነገሩኝ ቀን እሑድ ነው አይደል? በማግስቱ ሰኞ ምን እንደ ሆነ ያስታውሳሉ?"

እምሩ አሰበ። እሑድን በደቂቃ ያውቀዋል። ሰኞን ፈልጎ አጣው።

"ዓይንዎ ቀልቶ ነበር። እናቴ ሰው ሞቶብዎት እንደሆነ ጠየቀችዎት። እርስዎ ግን አቀርቅረው አምስተኛውን ድርብ ሰፉልኝ። ተነሥቼ እስከ መንገዱ ማዶ ሄጄ ተመለስሁ። እናቴ ያን ጊዜ ምን አደረገች?"

አሁን መጣለት። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መጣለት። ያቺ ሴት ጎንበስ ብላ እጁን ይዛ ሳመችው። በአንደኛው በኩል ሳመችው፣ አገላብጣ በመዳፉ ሳመችው። ቆሽሿል፣ ማስቲሽ አለበት ብሎ ሊነጥቃት ሲል አልለቅም አለችው።

ወገኖቼ፣ ይህን ስሙኝ። ያው እጅ ነው! እሑድ የተሰደበው እጅ ሰኞ ተሳመ። በአንድ ቀን ልዩነት። ሰውየው ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሑድን ይዞ ኖረ። ሰኞን ማን ወሰደበት? አቶ መኳንንት ናቸው የወሰዱበት? አይደሉም። እሳቸው የሰጡት እሑድን ብቻ ነው። ሰኞን የጣለው ራሱ ነው።

ዘህራ አዲሱን ፎርም አስቀመጠችለት። ኮሌጁ ዘንድሮ የአካል ድጋፍ ሥራ የሚባል ክፍል መክፈቱን ነገረችው፤ እግራቸው ለጎደለና ለተጎዳ ሰዎች ጫማና ድጋፍ መሥራት የሚያስተምር። እጁ ሥራ የለመደ ሰው ይፈለጋል፤ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ምዝገባው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

"ከጫማ ልወጣ ነው እኮ የመጣሁት" አላት።

"ጋሼ፣ እኔ የእርስዎን ምርጫ አልመርጥም። ሕግ ከሆነ ሕግ ብዬ እመዘግባለሁ። ግን ያኔ ስወድቅ አንድ ነገር ብለውኝ ነበር። 'ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጉድለትሽን እንጂ አንቺን አልለካሁም' ነበር ያሉኝ።"

እምሩ ብዕሩን አነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ፤ ሕግን የምፈልገው እኔ ነኝ ወይስ ያቺ ድንኳን ናት? ከዚያ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ከዚያም ጻፈ። አንድ መስመር ብቻ ሞላ፤ ሁለቱን ባዶ ተዋቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከመካከላችሁ ሥራ የለወጣችሁ አላችሁ። ልትለውጡ ያሰባችሁ አላችሁ። ሥራው ጥሏችሁ የሄደም አላችሁ። በሠላሳ አምስት፣ በአርባ፣ በሃምሳ ዓመታችሁ ፎርም ይዛችሁ ከልጆቻችሁ እኩዮች ጋር የምትሰለፉ አላችሁ። አትፈሩ። ሰልፉ አያሳፍርም። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ባዶ መስመር ላይ ብዕሩን የሚገፋው ማን ነው? "አይችልም" ያላችሁ አጎት ነው? የናቃችሁ አለቃ ነው? ሠርጓ ላይ ያልጠራቻችሁ ዘመድ ናት?

ሕግ መማር ክፉ አይደለም። ፍርድ የሚያጣ ድሀ በበዛበት አገር ሕግ የሚወድ ይማረው። ነገር ግን በተሳዳቢያችሁ ልክ ጫማ አታሰፉ፤ እግሩ የእናንተ አይደለም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሰኟችሁን ፈልጉ። እጃችሁን የሳመው ማን ነበር? በእናንተ ምክንያት ቆሞ የሄደው ማን ነው? ስሙን ረስታችሁታል፤ እሱ ግን አልረሳችሁም። ይህን የምለው ስድብ ስለማያም አይደለም። ያማል! የተሰደበ ያውቀዋል። ግን እግዚአብሔር ስድቡን ብቻ ሰጥቶ የሸኘው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በማግስቱ የሆነ ሰው ይልካል። እኛ ነን በቀላ ዓይን ሆነን የማናየው። ተመስገን በሉ። ለእሑዱ ማለት ካቃታችሁ ለሰኞው በሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ።

እምሩ ወረቀቱን ይዞ ከኮሌጁ በር ሲወጣ፣ አቶ መኳንንት የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲገቡ ተገናኙ። አርጅተዋል። ዓይናቸው ግን አሁንም ጽሑፍ ይለያል። ወረቀቱን ከእጁ ላይ ዘንበል ብለው አነበቡት።

"እምሩ! ይህን ሁሉ ዘመን ጫማ ሰፍተህ ሰፍተህ፣ ደግሞ ጫማ ልትማር ኮሌጅ ገባህ?" አሉና ወደ ልጅ ልጃቸው ዞረው ሳቁ።

እምሩ ለዚህ ሰው አሥራ አራት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ጫማ እየሰፋ ሲያጠናው ኖሯል። እንደ ልማዱ ወደ ታች አየ። የአቶ መኳንንት ቀኝ ጫማ ተረከዙ ወደ ውጭ ተበልቷል። ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ደረጃ ሲወጡ እንደሚቸገሩ ከተረከዙ አነበበ። አንድ ስስ ድርብ ቢጨመርበት ይቀላቸው ነበር።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣቸው፤ እጁንም ሳይደብቅ፣ ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ።