ከአጥር ውጭ የቀረው የበቅሎ ማሰሪያ

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ትርሲት ልጄ፣ አረንጓዴ ሕንፃ ለሚያሰኘው ምስክር ወረቀት የዩኒቨርሲቲውን አዲስ ሕንፃ ድንበር ሳሰምር መኪና ማቆሚያውን ላስገባው ወይስ አለቃዬ እንዳለው ልተወው ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መልሱን ይኸው ሰውዬ ይዞልሻል።

ቤቱ ከጉብታ ላይ ነው። ቤት ስልሽ የዋዛ እንዳይመስልሽ! ግድግዳው በነጭ አፈር የተለሰነ፣ ደጁ የለመለመ፣ ጌሾው እንደ ወታደር የተሰለፈ። በዚያ አገር ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎች በየግቢው ዞረው ያያሉ፤ ግቢው ከሁሉ ያማረለት ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሸንጎ የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ሰውየውም ይህችን ክብር ሳላያት አፈር አልቀምስም ብሎ ቆርጧል።

ችግሩ፣ እንግዳው ብዙ ነው። እንግዳ ሲበዛ በቅሎ ይበዛል። በቅሎዎቹ የሚታሰሩት ከጉብታው ግርጌ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ነው። ሣሩ አልቋል፣ የሾላዋ ልጥ ተግጧል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ፋንድያው እየተጠረገ ከታች ያለው ምንጭ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጥሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገባው! ማሰሪያው ውጭ ቀረ። ሰው ለስንዝር መሬት ይጋደላል፣ እሱ የገዛ መሬቱን ጥሎ ገባ። ከውስጥ ሆኖ ሲያየው ግቢው ሙሽራ መሰለ፤ ደረቱ ተነፋ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አንጋፋው ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «ልጄ፣ በቅሎዬን የት ልሰር?» አለው።

«እታች ነው አባቴ፣ ሾላዋ ሥር።»

«እሱም ግቢህ ነው?»

«የለም፣ የኔስ አጥሩ ላይ ያበቃል።»

ይህን ጊዜ እንስራዋን አዝላ ከምንጩ የምትወጣ ባልቴት ሰማች። «እሰይ! የሱ ካልሆነማ የኔ ይሁና! ምስክር ሁኑኝ። ነገ ጎመን እዘራበታለሁ፤ የእንግዶቹን በቅሎ አልጋው ሥር ይሰር!»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን እንስራዋን አወረደችና ከውኃው በቅል ቀድታ ሰውየው አፍንጫ ሥር አቆመችው። ውኃው ቢጫ ነው። ፋንድያ ፋንድያ ይላል።

«ድንበር የሚገፋ ስንዳኝ ኖረናል» አለ አንጋፋው፣ «ከድንበሩ የሚሸሽ ግን ዛሬ አየሁ። እነዚህ በቅሎዎች ማን ቤት ሊበሉ መጥተው ነው እዚህ የታሰሩት?»

ሰውየው ፊቱ ጋለ። ከዚያ ኩታውን ከወገቡ አሸረጠና፣ ሎሌ ሳይጠራ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አጥሩን በገዛ እጁ ይነቅል ጀመር!

ከሾላዋ ማዶ ወስዶ ተከለው። ቦይ ቀደደ፤ ፋንድያው ምንጩን ትቶ ለጌሾው ሆነ። ሾላዋን በእሾህ አጠረላት። ካስማም ተከለ፣ አሥራ ሁለት ብቻ። «ከዚህ በላይ አላስርም፤ ተፈናጥጣችሁ ኑ፣ አለዚያም በእግራችሁ!» አለ። ዘመዶቹ ንፉግ ሆነ ብለው አሙት። ቢያሙትስ ምን ይሆናል!

በዚያ ዓመት አልተመረጠም፤ በሁለተኛውም አልተመረጠም። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወደ ነጩ ቤት አይደለም የወሰዳቸው፣ በቀጥታ ወደ ማሰሪያው ነው። ሾላዋ ቅጠሏን ለብሳ ቆማለች። ያቺ ባልቴት በዚያው ቅል ከምንጩ ቀድታ ለአንጋፋው «እስቲ ይቅመሱት» አለችው። አንጋፋው እስከ አተላው ጠጣው እንዳልልሽ አተላ የለውም፤ ጨለጠው። ሸንጎውም የተቀመጠው እዚያው፣ ከሾላዋ ጥላ ሥር ነው። ያን ቀን የሰውየውን አረማመድ ባየሽ!

እኔ እንግዲህ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አረንጓዴ ሕንፃ የሚያሰኘውን ምስክር ወረቀት ቢያሳዩኝ ዘቅዝቄ ነው የምይዘው። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ሕንፃው የጠራው መኪና የሕንፃው ነው። መስመርሽ ቢሸሸው፣ ዘይቱ ከዝናቡ ጋር ወርዶ ከታች ያለ ሰው ደጅ መግባቱን አይተውም። አስገቢው ልጄ። ቁጥሩን ወስኚ፣ ቦይ ቅደጂለት፣ ዛፍ ትከይበት። መርማሪዎቹ ሲመጡ አስቀድመሽ እሱን አሳዪአቸው። ያን ቀን እኔንም ጥሪኝ፤ ምርኩዜን ይዤ አጠገብሽ እቆምና፣ «ይህን መስመር ያሰመረችው የኔ የልጅ ልጅ ናት» እላቸዋለሁ።