ጎደለ የተባለው የአራስ ቅቤ

አንድ ጊዜ፣ ፍል ውሃ በሚፈልቅበት ብርዳም ደጋ ላይ አንድ አንበሳ ይኖር ነበር። ሚስቱ ወልዳ ስለተኛችና ምግብ አልወርድላት ስላለ፣ ቆላ ወደምትኖረው ላም «ለአራሷ ቅቤ ላኪልኝ» ሲል መልእክት ሰደደ።

በቆላው ሙቀት ቅቤ ቀልጦ እንደ ዘይት ነው የሚውለው። ላሚቱ ማሰሮውን እስከ አንገቱ ሞላችው፤ በኮባ ቅጠል ከድና ዙሪያውን በጭቃ መረገችና አንድ አህያ ላይ ጫነችው።

«አደራህን፣ የአራስ ነው» አለችው።

«አታስቢ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» አላት አህያው።

ዳገቱን ቀስ እያለ ወጣው። ከፍ ባለ ቁጥር ብርዱ እየጠና ሄደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጆሮው ላይ አመዳይ እንደተጋገረ ከአንበሳው ደጅ ደረሰ።

የደጁ ጠባቂ አያ ጅቦ ነበር። ክዳኑን ገልጦ ሲያይ ቅቤው ረግቷል፤ መሐሉም ወደ ታች ሰርጉዷል። ቀድሞ የደረሰበት የቅባት ምልክት ግን ከፍ ብሎ በማሰሮው አንገት ዙሪያ ይታያል። ጅቡ አንዴ ማሰሮውን፣ አንዴ የአህያውን ወፍራም ታፋ አየና ምራቁን ዋጠ።

«ጌታዬ! ኧረ ጌታዬ ድረስ! አህያው የአራሷን ቅቤ በልቶታል!»

አንበሳው እየተቆጣ ወጣ። «ምልክቱ እዚህ፣ ቅቤው እዚያ! ቀሪው የት ገባ?»

«አልቀመስኩም ጌታዬ» አለ አህያው። «ደግሞስ እኔ ሣር በል ነኝ እንጂ ቅቤ ምን ያደርግልኛል?»

«ቅቤ ከወተት፣ ወተት ከላም፣ ላም ደግሞ ከሣር!» ሲል ጮኸ ጅቡ። «ያው ሣሩን ነው የበላው!»

ሌላ ቀን ቢሆን አንበሳው ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን የአራሷ ነገር አስጨንቆታል። «የአራስ ቀለብ የነካ ምሕረት የለውም። አያ ጅቦ፣ ውሰደው» አለ።

ይኼኔ ድንጋይ ላይ ተጋድማ ስትሰማ የነበረችው እመት ቀበሮ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ አህያውን ከሰዓት በኋላም መብላት ይቻላል። ከተበላ በኋላ ንጹሕ ነበር ቢባል ግን ማን ይመልሰዋል? የቅቤን ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከየት አወቅሽው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁኝ።»

አንበሳው አመነታና «እሺ፣ አሳዪን» አላት።

ቀበሮ ከረጋው ቅቤ አንዲት ቁራጭ አንሥታ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ማሰሮውን ደግሞ ውሃ እንዳይገባበት አንገቱን ከላይ አድርጋ ፍል ውሃው ውስጥ አስደገፈችው። ሁሉም ከበው ቆሙ። ቅቤው መጀመሪያ ዳር ዳሩን አበራ፤ ከዚያ ለቀቀ፤ ያልቀለጠው ወደ ታች ሲወርድ የቀለጠው ቀስ እያለ ሽቅብ መጣ።

«አሁን እዩ» አለችና ያቆየቻትን ቁራጭ ወደ ማሰሮው ጣለቻት። ቁራጯ ጥልቅ ብላ ከሥር ተቀመጠች። እሷም ስትቀልጥ ቅቤው ከአንገቱ ምልክት ጋር እኩል ሆነ።

አንበሳው አፉን ከፈተ። «ያው ቅቤ አይደለም እንዴ? የረጋው በቀለጠው ውስጥ እንዴት ይሰምጣል?»

«ጌታዬ፣ በጎች ሲበርዳቸው ተጠጋግተው ጠባብ ቦታ ይበቃቸዋል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ተበታትነው መስኩን ይሞሉታል። በጎቹ ግን ያው ናቸው፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ሲሞቅ ይላላል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ላይ ላዩን ይላል። ሲበርደው ይጠጋጋል፣ ይጠብቃል፤ ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ ከላላው ሥር ይሰምጣል።»

«በጎቹ የት ናቸው?» አለ ጅቡ ዙሪያውን እያየ።

አንበሳው ግን «ውሃ ገብቶበት ከፍ ብሎ ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ቀበሮ። «እንግዲያው አውጥተን ብርድ ላይ እናቁመው። ማንም አይንካው።»

ማሰሮው በነፋሱ ፊት ተቀመጠ፤ አንበሳው ራሱ አጠገቡ ተኝቶ ጠበቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅቤው ረጋ፤ መሐሉም ጠዋት እንደነበረው ወደ ታች ሰረጎደ። ማንም አልነካውም፤ የውሃ ጠብታም አልነበረበትም።

«እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው!» አለ አንበሳው። «ብርዱ ዓይኔ እያየ ቀነሰው፤ ግን ምንም አልወሰደም!» ከዚያ ወደ አህያው ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ አደራህን በሚገባ ጠብቀህ ሳለ በችኮላ ላጠፋህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

አህያው እንባ ቀረሽ ሆኖ ሲያናፋ ተራራው አስተጋባ። ጅቡ ከደጅ ጥበቃው ተሽሮ ባዶ ሆዱን እየጎተተ ሄደ። አራሷ ቅቤዋን አገኘች፤ ያን ማታም ምግብ ወረደላት። እመት ቀበሮም ቅቤ የነካ እጇን ላሰችና ወደ ጎሬዋ ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሙቀትና ብርድ አንድን ነገር ምንም ሳይሰርቁበት ማስፋትና ማጥበብ እንደሚችሉ ሁሉ፣ ጎደለ ብለን በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት የነገሩን ጠባይ በትዕግሥት መመርመር እንዳለብን ነው።