ከጦጣዎች ጋር የታረቀው ውሻ

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን የሚያክል ትልቅ ሰው እንዴት እኛን ለማባረር ይሮጣል? ሲያዩት ያሳዝናል እኮ!» አለች አሮጊቷ ጦጣ ለውሻው።

ሰሚ ጆሮውን ይስጠኝ፤ ዘመኑ ጦጣም ውሻም የሚናገርበት ነበር። ውሻው ከጥቅጥቁ ደን ዳር የእመት አስካለን በቆሎ ይጠብቃል፤ ለዚህም ዋጋ ሌሊቱን በቤታቸው ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ታዲያ «ጋሼ» ብሎ የጠራው አልነበረም። እመት አስካለ እንኳ የሚጠሩት በፉጨት ነው።

«እና ምን ይሻላል ትያለሽ?» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«እርቅ ነዋ! ጎረቤት አይደለንም? ከዋርካው ሥር አረፍ ይበሉና ስለ ሰላም አንድ ነገር ይንገሩን።»

ውሻው ፊቱን ወደ ጦጣዎቹ፣ ጀርባውን ወደ ማሳው አድርጎ ተቀመጠ። ስለ ጉርብትና ተናገረ፤ ስለ መቻቻል ተናገረ፤ ስለ ራሱ ትዕግሥት ደግሞ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ጦጣዎቹ አጨበጨቡለት። ከመካከላቸው ብዙዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ከኋላው ሲሰወሩ፣ ንግግሩ ልባቸውን ነክቶት እንባቸውን ሊጠርጉ የሄዱ መሰለው። የበቆሎውን ኮሽታም ነፋስ ነው አለ።

ሲመሽ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ቤት ተመለሰ። እመት አስካለ ደጃፉ ላይ ቆመው ባዶውን አገዳ ያያሉ።

«እመቤቴ፣ ደስ ይበልዎ፤ ታርቀናል! ከእንግዲህ በዚህ ማሳ ሌባ የሚባል ነገር የለም።»

«ሌባ ከሌለማ ጠባቂ ምን ያደርግልኛል?» አሉና ገብተው በሩን ዘጉት።