መርዶ ነጋሪው መምህር

አንድ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረ፤ ሀብተየስ ይሉታል። ሥራ ሲፈታ የቃላት ሥር መቆፈር ጀመረ። ሌላው ጡረተኛ ጓሮውን ይቆፍራል፣ እሱ መዝገበ ቃላት!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንግሊዞች ማፈግፈግንና መሸማቀቅን የሚጠሩባቸውን የጥንት ቃላት ሲያገላብጥ ዋለ። አንደኛው መጀመሪያ የፈረስ ነበረ፤ አልቆም ብሎ ለሚራገጥ ፈረስ ይነገር ነበር። ሌላው በጦር ሜዳ ለሚወድቅ ሰው ይነገር ነበር፤ ዛሬ ለሚሽቆጠቆጥ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህኛው ጥንት «አታለለ» ማለት ነበር፤ «ሸሸት አለ» የሆነው በኋላ ነው።

«ደግሞ ማታለልና መሸሽ ምን ዝምድና አላቸው?» ብሎ ሳቀ።

ሳቁን ሳይጨርስ የዕድሩ ዳኛ አቶ ደገፋ በሩን አንኳኩ።

«መምህር፣ የእህትህ ልጅ መኪና ተገልብጦበት አርፏል። እናቱ የሺመቤት ገና አልሰማችም። ነገ ማለዳ እናረዳታለን። ቃሉ ከአንተ አፍ ቢወጣ ይሻላል።»

«ለጊዜው ታሟል እንበላትና...» አለ መምህሩ።

«እንደ እናታችሁ ጊዜ?» አሉ አቶ ደገፋ፣ ቀስ ብለው።

በእናታቸው ጊዜ ምን ሆኖ ነበር? እናታቸው የሞቱ ዕለት ሀብተየስ ለእህቱ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ልቅሶዋን መስማት ፈርቶ ነው። እሷም ለበሽተኛ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ድንኳን ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አላናገረችውም።

አሁን ነው የዚያ የሦስተኛው ቃል ነገር የገባው። ፈርቶ የሸሸው እሱ፣ የተታለለችው እሷ! አፈረ፣ ወገኖቼ፤ ክፉኛ አፈረ።

ጎህ ሲቀድ ከዕድሩ ሽማግሌዎች ፊት ሆኖ የእህቱን በር አንኳኳ። የሺመቤት ከፈተች። ሰዎቹን አየች፤ ወንድሟን አየች።

«ሀብቴ፣ ልጄ ነው?»

እግሩ ወደ ኋላ ሊል ቃጣው። ግን ቆመ።

«አዎ እቴ። ልጃችን ሞቷል።»

ጮኸች። ደረቷን መታች። ከዚያ የተጠመጠመችው በማን አንገት ላይ መሰላችሁ? በዚያው ስድስት ዓመት ባላናገረችው ወንድሟ አንገት ላይ ነው። እሱም አብሯት አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ እኛ ለክፉ ወሬ ልብስ ማልበስ እናውቅበታለን። «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» እንላለን። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ከድንጋጤ የምናድነው እነሱን ነው ወይስ ራሳችንን?

ሐኪም የነገራችሁን ከትዳር ጓደኛችሁ የደበቃችሁ የላችሁም? ከሥራ ተባርራችሁ በየማለዳው ለብሳችሁ የምትወጡስ? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላችሁ ጊዜ እየጠበቃችሁ ነው። ጊዜ ለእናንተ አፍ አይሆንላችሁም!

ልትነግሩት የሚገባውን ሰው እኔ አላውቀውም። እናንተ ግን ይህን ስናገር ፊቱ ታይቷችኋል። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትሂዱ፤ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ። ሊያለቅስ ይችላል። ሲያለቅስ ግን አጠገቡ ሁኑ።