ግራዝማች አንበርብር የቋጠረው ቁራኛ

በእኛ አገር ሰው ሁሉ አፉ ላይ ያላት አንዲት ተረትና ምሳሌ አለች። ሹም ወርዶ ከድሃ ጋር መደብ ላይ ሲቀመጥ ያያሉ፤ «አይ ትሕትና!» ይሉና ይተርቷታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል። ሠርግ ላይ ሰማኋት፣ ዝም አልኩ። ለቅሶ ላይ ሰማኋት፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዋጥኳት። ተረቷ ለትሕትና አልተተረተችም። የተተረተችው በቅድመ አያቴ አውድማ ላይ ነው፤ በዚያን ቀን ደግሞ እዚያ አውድማ ላይ ትሕትና የሚባል ነገር ዝር አላለም።

በዚያ ዘመን አገራችንን የሚገዛው ግራዝማች አንበርብር ነበር። አንቱ አልለውም፤ አያቴም ብላው አታውቅም። ክፉ ነበር ይባላል፣ ነገር ግን በገዛ እጁ ዝንብ ሲገድል ያየው የለም። ክፋቱን የሚሠሩለት ሌሎች ናቸው። ከብት የሚነዳው ጭቃ ሹሙ ነው። የሚገርፈው አሽከሩ ነው። ደጅ የሚያስጠናው፣ ሰው የሚያስለቅሰው አጋፋሪው ነው። እነሱ እሱን ይፈራሉ፣ ሕዝቡ እነሱን ይፈራል፣ እሱ መሐል ላይ ተቀምጦ ጠጁን ይጠጣል። ሲያልፍ አጋፋሪው ከፊት ከፊት እየሮጠ «እጅ ንሡ! ዓይናችሁን መሬት!» ይላል። ሰውም ግንባሩን አፈር ላይ ይደፋል። ቀና ያለ ጅራፍ ይቀምሳል። ስለዚህ ያን ያህል ዘመን ሲገዛ ፊቱን በቅጡ የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም። የሚያውቁት የበቅሎውን ኮቴ ነው።

ቅድመ አያቴ ማንያህልሻል ትባላለች። ስሟን አይታችሁ ፍረዱ። አንገቷን ደፍታ መቆየት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ባሏ ሺበሺ ግን ዝምተኛ፣ አንድ ቃል ለመናገር ግማሽ ማሳ የሚያርስ ሰው ነበር ይባላል።

አንድ ኅዳር የራሳቸው ገብስ ደርሶ እየረገፈ፣ መንደርተኛው ባልም ሚስትም ለግራዝማች ሑዳድ አጨዳ ተጠራ። ሑዳድ ገበሬው በነፃ አርሶ፣ በነፃ አጭዶ የሚያስገባው የጌታ መሬት ነው። ሲያጭዱ ግራዝማች ሊያይ መጣ። አጋፋሪው ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ተደፋ። በቅሎዋ ቦይ ዘንድ ስትደርስ አልሻገርም አለች። ኮረኮራት። እሷም አንገቷን ድንገት ዝቅ ስታደርግ ግራዝማች እንደ ውኃ ተንሸራቶ ከነጥላው ጭቃ ውስጥ ዘጭ አለ።

ሰው ሁሉ ስለተደፋ ከገበሬው ማንም አላየም። ከአንዲት ሴት በቀር ማለቴ ነው። አፏን በመዳፏ ብታፍነውም ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ።

ግራዝማች ጭቃውን እያራገፈ ተነሣ። «ማን ናት?» አለ።

ጸጥ።

«የሴት ሳቅ ነው። የሳቀችው ያየች ናት፣ ያየችውም ቀና ያለች ናት። ማን ናት እላለሁ!»

አንድም ራስ ቀና አላለም።

«መልካም። ሴት ስትስቅ ባሏ ድምጿን አይስተውም። ባሎች ትነግሩኛላችሁ። የዚያች ሴት ጠጉር ይላጫል፣ ጀርባዋ ይገረፋል፣ ርስቷ ተነቅሎ ከአገር ትወጣለች። እስክትናገሩ ድረስ ከሰዎቼ ጋር በቁራኛ ትታሰራላችሁ።»

የአሁን ልጆች ቁራኛን አታውቁትም። ወህኒ ቤት በሌለበት አገር ተከሳሽና ጠባቂው በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ይታሰራሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይጠብቀዋል። ደንብ አለው። ቋጠሮውን ዳኛው በእጁ ይቋጥራል፣ ዳኛው በእጁ ይፈታል። ከተፈታ ክሱም አብሮ ይፈታል፣ ተመልሶ አይነሣም። ከተበጠሰ የሚጠየቀው ጠባቂው ነው። በቢላ ከተቆረጠ ደግሞ ነገሩ ወደ ላይኛው ገዥ ይሄዳል። የእኛ ግራዝማች የላይኛው ገዥ ዓይን እንዲያርፍበት አይፈልግም ነበር፤ ለምን እንደሆነ እሱና ጎተራው ያውቃሉ።

ዳኛውም ራሱ ግራዝማች ነውና ከትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። ባልና ጠባቂ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ የልብሳቸውን ጫፍ ወደ ላይ ዘርግተው አቀረቡለት። እሱም ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። አሽከሮቹ አለቁ፣ ጭቃ ሹሞቹ አለቁ፣ ያልታሰረ ባል ግን ገና አለ። በቅሎ ጎታቹን ጨመረ። በር ጠባቂውን አስጠራና ጨመረ። በመጨረሻ አጋፋሪው ራሱ ተራው ደረሰ።

«ጌታዬ» አለ አጋፋሪው ቀስ ብሎ፣ «ለእርስዎስ ማን ይቀራል?»

«ስሜ ይበቃኛል» አለ ግራዝማች፤ እሱንም ቋጠረው።

ሺበሺ የታሰረው ከጭቃ ሹም ደባልቄ ጋር ነው። ደባልቄ አምና የእነ ማንያህልሻልን ጊደር ከበረት ነድቶ የወሰደ ሰው ነው። ድምፁ ሲሰማ ልጆች አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። እሱ አሁን ከነጎራዴው ቤታቸው ገባና መደብ ላይ ከሺበሺ ጎን ተቀመጠ።

ባልና ሚስት ምን ይነጋገሩ? መሐላቸው ደባልቄ አለ። ሺበሺ ሚስቱን አየት ያደርግና ዓይኑን ይሰብራል። የሳቀችው እሷ እንደሆነች ከሳቋ ጋር አብሮ አውቋል፤ ያንን ሳቅ ወዶ ነውና ያገባት።

ማንያህልሻል ቆሎ በሰፌድ አቀረበች። «ወተት የለም ብለው እንዳይቀየሙኝ፣ ጭቃ ሹም» አለች። «ወተታችንን አምና ነድተዋታል።»

ደባልቄ ዘገን አደረገ። ቆሎውን ቆረጠመ። ከዚያ ወደ ሺበሺ ዞሮ «ተናገርና እንገላገል፣ ወንድሜ» አለው።

«ነገ አጨዳ አለብኝ» አለ ሺበሺ።

በማግስቱ ሺበሺ ማጭዱን ይዞ ወደ ገብሱ ወረደ። ደባልቄም ተጎትቶ ወረደ። «እኔ ሹም ነኝ፣ አላጭድም!» አለ።

«አታጭድ» አለ ሺበሺ። «ጎንበስ በል ብቻ።»

ምን ያድርግ! ሺበሺ ሲያጎነብስ ልብሱ ይሳባል። ቀጥ ብሎ ቢቆም ቋጠሮው ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ተጠያቂው እሱ ነው። እናም ጎነበሰ። ሺበሺ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል እሱም ባዶ እጁን አንድ እርምጃ ወደፊት ይላል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ወገቡን ይዞ ቃተተ።

«ኧረ በማርያም ማጭድ ስጡኝ! በከንቱ ከመጎንበስ አጭዶ መጎንበስ ይሻላል!»

ማንያህልሻል የራሷን ማጭድ ሰጠችውና «እጅህን እንዳትቆርጥ» አለችው። አንቱታው ያኔ ነው የቀረው።

ይህ ነገር በእነሱ ማሳ ብቻ አልነበረም። አገር ሙሉ እንዲያ ሆነ። ገራፊው ነዶ ያስራል፣ በር ጠባቂው ክምር ይከምራል፣ አጋፋሪው ጭድ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ታየ። ሰዎቹ መጀመሪያ ይለፈልፉ ነበር፤ «ንገሩን፣ ንገሩንና ቤታችን እንግባ» ይሉ ነበር። ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ ሰንብተው ግን ጥያቄው ተረሳ። ይልቅ ስለ በሬው ዕድሜ፣ ስለ ልጁ ሳል ይጠይቁ ጀመር።

ከግራዝማች ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። «ማነህ እዚያ!» ይላል፣ ማንም የለም። በቅሎዋን የሚጭን የለም። በሩ ተከፍቶ ይውላል፣ የጎረቤት ፍየል ገብታ የግቢውን ጌሾ ትበላለች። ወጥ ቤቷ «እንጨት የሚፈልጥ ሰው የለም» ትለዋለች። ይቆጣል። እሷም ቁጣውን ሰምታ «እንግዲህ ቁጣ አይነድም» ትለዋለች። ስሙ ግቢው ውስጥ ነበር፣ ስም ግን እንጨት አይፈልጥም።

በእነ ማንያህልሻል አውድማ ውቂያ ተጀመረ። ጎረቤታቸው ሽማግሌው አያ ጓንጉል፣ የአገሩን ደንብ የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሺበሺና ደባልቄ በሬዎቹን እየነዱ ሲዞሩ ደባልቄ ትኩስ እበት ረገጠ። እግሩ ከዳው። ሺበሺን ይዞ፣ ሁለቱም ገለባው ውስጥ ተገለበጡ። ከገለባው ውጭ የደባልቄ እግር ብቻ ቀረ።

ማንያህልሻል ሳቀች። ያንኑ ሳቅ፤ ታፍኖ በአፍንጫ የሚወጣውን።

ደባልቄ ከገለባው ቀና አለ። አያት። የሺበሺ ፊት አመድ መሰለ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«አልደግመውም፤ ሰምተኸዋል» አለች ማንያህልሻል። አንገቷን ቀጥ እንዳደረገች ነው። «እኔ ነኝ። ሂድ ተናገር። ስትሄድ ግን ባሌን አስከትለህ ነው የምትሄደው። ስታሳብቅ አጠገብህ ቆሞ ይሰማሃል።»

ደባልቄ ከጢሙ ገለባ ለቀመ። «ያን ቀን ከግራዝማች ኋላ ነበርኩ» አለ። «ሲወድቅ አይቻለሁ። ምላሴን ነክሼ ደም ቀመስኩ እንጂ እኔም ሳቅ መጥቶብኝ ነበር።»

እናገራለሁ አላለም። አልናገርምም አላለም።

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ ከቁልቁለቱ በኩል አንድ አጠር ያለ ሰው ብቅ አለ። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ላብ ጠምቆታል፣ ብቻውን ነው። አያ ጓንጉል በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው አዩት።

«እንግዳው፣ ደክሞሃል መሰለኝ። ና፣ ጥላው ሥር አረፍ በል። ከየት መንደር ነህ?»

«እኔ አንበርብር ነኝ!»

«የማን ልጅ አንበርብር?»

ደባልቄ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ ናቸው፣ አያ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ግንባሩን የደፋ የለም። ተዳፍረው አይደለም፤ መደፋት የለመዱት አጋፋሪው ሲጮህ ነው፣ አጋፋሪው ደግሞ ከወዲያኛው አውድማ ላይ በሬ ይነዳል።

«ይህን ሽማግሌ እሰሩልኝ!» አለ ግራዝማች።

«በምን እጃችን፣ ጌታዬ?» አለ ደባልቄ። «ታስረናል እኮ።»

«እንግዲያው ይህን ከጎንህ የታሰረውን ግረፈው!»

«አንድ ልብስ ነው ያለን። ጅራፉ ለእኔም ይደርሰኛል።»

ግራዝማች ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትዮዋን አወቅሃት?»

ማንያህልሻል መንሹን እንደያዘች ቀረች። በሬዎቹ እንኳ የቆሙ መሰላት። ሺበሺ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ስም ብቻ፤ ጠጉሯም፣ ማሳዋም፣ ቤቷም በዚያ ሰው ምላስ ላይ ነበር።

ደባልቄ አንዴ እሷን፣ አንዴ የቆሰለ መዳፉን አየ።

«ጌታዬ» አለ፣ «እዚህ አገር ሴቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚስቀው። መለየት አቃተኝ።»

እፎይ! አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትተነፍስ ነበር፤ እኔም አሁን ስጽፈው ተነፈስኩ።

ግራዝማች ወደ ሌላው አውድማ ጮኸ፤ ከዚያም መልሱ ያው ሆነ። አያ ጓንጉል ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ልጄ። ሰዎችህን ከፈለግህ ቋጠሮውን ፍታ። ከፈታህ ግን ክሱ አለቀ። ክሱን ከፈለግህ ደግሞ ይኸው፣ በቅሎህን ራስህ ጫን።»

ግራዝማች ወደ እነ ደባልቄ ዞረ። ከዚያ «ተነሡ፣ ልፍታችሁ» አለ።

«እግራችን ዝሏል፣ ጌታዬ» አለ ደባልቄ ከገለባው ሳይነሣ።

ምን ይደረግ፤ ጎንበስ ብሎ ተንበረከከ። ላብና ጤዛ የጠጣ ቋጠሮ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ራሱ ነው ያጠበቀው። በጥፍሩ ሞከረ። እምቢ ሲለው በጥርሱ ያዘው። ያንን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው አውድማ ሄደ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ደባልቄ ተፈትቶ ሲያበቃ መንሹን አነሣ። «ደመና አለ፤ ክምሩን ጨርሼ እመጣለሁ» አለ።

የማንያህልሻል ጠጉር አልተላጨም። ርስቷም አልተነቀለም፤ ገብሴን እስከ ዛሬ የምዘራው እዚያው ላይ ነው። ጊደሯ ጥጃ አስከትላ ተመለሰች። ግራዝማች ከዚያ በኋላም ገዝቷል፣ አልዋሽም። ሰዎቹ ግን ሲላኩ ደጅ ላይ ቆመው «እንዴት ዋላችሁ» ይሉ ጀመር። እሱም ማን እንደሳቀች ዳግመኛ አልጠየቀም።

ነገሩን የገለበጡት የልጅ ልጆቹ ናቸው። «አያታችን ድሃው እግር ሥር ተንበርክኮ የታሰረ የፈታ ትሑት ነበር» እያሉ አስወሩ፤ ሰውም አመነ። ዘንድሮ በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንደኛው ተነሥቶ የመጣብንን ሹም በዚያች ተረት ሊያሞግስ አፉን ሲከፍት በቃኝ። ተነሣሁ። «ቁጭ በል» አልኩት፤ ከበቅሎዋ ጀምሬ እስከ ጥርሱ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፣ ሹሙም ሳቀ። እኔም ከስንት ዓመት በኋላ ደረቴ ቀለለኝ።

«ታዲያ መጀመሪያ የተረተው ማነው?» አለኝ ሰውዬው አፍሮ።

አያ ጓንጉል ናቸዋ፣ አልኩት፤ ግራዝማች ቋጠሮውን በጥርሱ ይዞ ሲታገል አይተው ወደ ማንያህልሻል ዘወር አሉና እንዲህ አሏት፦ «ቆሞ ያሰረ ጎንብሶ ይፈታል።»