ሽማግሌዎቹ የደበቁት እጅ

ተረት ተረት!

የመሠረት!

ኧረ ጮክ በሉ! ራት ያልበላ ሰው እንኳ እንዲህ አይመልስም።

በድሮ ዘመን ነው፣ በደጋ አገር። በረዶ ገብሱን መታውና ሐምሌ ሲገባ ጎተራው ሁሉ ባዶ ሆነ። የቀረው በየአጥሩ ሥር የበቀለው ሳማ ብቻ ነው። ያገሩ ሰው ደግሞ ኩራተኛ ነበር። ሳማ መብላት ነውር ነው ይላል። ታዲያ ሁሉም በማለዳ ተደብቆ ይለቅማል፣ በሩን ዘግቶ ይቀቅላል፣ ከዚያም ደጅ ወጥቶ «ዛሬስ ጥጋብ ገደለኝ» ይላል። አይ የሰው ነገር!

እዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጇን አንጓችን የአያ ጎሹ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ልጁ መስከረም እስኪጠባ መታገሥ አቃተውና አባቱን ወተወተ። አያ ጎሹም «ነገ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ላከ።

ደብሪቱ ራሷን ያዘች፦ «ምን ላቀርብላቸው ነው? አያ ጎሹ እኮ ‹ሳማ ከሚበላ ቤትማ ልጄ አያገባም› ያለ ሰው ነው!»

አንጓችም፦ «እማዬ፣ አሳምረን እንሥራውና ጎመን ነው እንበላቸው» አለች።

በማግሥቱ ማልደው ወጡ። ደብሪቱ ቸኩላ በባዶ እጇ ሸመጠጠችው። ወይኔ፣ እንዴት ለበለባት! እጇ አበጠ። ከዚያም ለጋ ለጋውን አጥበው ቀቀሉት፣ ሲንተከተክም መለብለቡ ጠፋ። አንጓች በማማሰያ ደቆሰችው። የቀረቻቸውን ጭብጥ የገብስ ዱቄት ነሰነሰችበትና ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨመረችበት። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ሽማግሌዎቹ መጡና ተቀመጡ። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር እንደከተቱ ያወራሉ። ደብሪቱም የሷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ምግቡ ሲደርስ ውኃ በቅል ይዛ ቀረበች።

«ታጠቡ ጌቶቼ፣ ጎመን ሠርተናል።»

አያ ጎሹ፦ «እኔ ታጥቤ ነው የመጣሁ» አለ።

ሁለተኛው፦ «እኔም» አለ።

ሦስተኛው፦ «እኔም . . . ትናንት» አለ።

ደብሪቱም ተቆጣች፦ «ኧረ ነውር ነው! በኔ ቤት ሳይታጠቡ አይበላም!»

አያ ጎሹ ቸገረውና እጁን አወጣ። እጁ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሽፍ ብሏል። ደብሪቱ የሱን አየች፣ እሱም ቅሉን የያዘውን የሷን እጅ አየ።

ቀስ ብላ፦ «አያ ጎሹ፣ እጅዎን ምን ነካዎት?» አለች።

«አንቺን የነካሽ ነዋ!»

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም እጃቸውን አውጥተው እኩል ማከክ ጀመሩ።

አያ ጎሹ ዓይኑን እየጠረገ፦ «እኛማ በር ዘግተን ስንቀቅል በጭስ አለቅን» አለ። ከዚያም ጎረሰና፦ «ይቺ ጎመናችሁ ሳማ ሳማ ትላለች! ግን ከኛ ቤቱ ትጣፍጣለች። ማን ነው የሠራው?» አለ።

«አንጓች ናት።»

«እንግዲያው ልጅቷን ለልጄ ሳትሰጡኝ ከዚህ አልነሣም!»

ደብሪቱ በደስታ አለቀሰች። ጋብቻውም ጸና። ከዚያ ወዲህ ያገሩ ሰው ሳማውን በቀን፣ በሩን ከፍቶ፣ ነጭ ሽንኩርት እየተበዳደረ ይሠራ ጀመር። በሠርጉ ዕለት፣ ጎተራው ሁሉ ሞልቶ ሳለ፣ አያ ጎሹ መጀመሪያ የጎረሰው ሳማ ነበር።

በሉ፣ ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። ዳቦ ከሌለ ሳማም ይሆነኛል፣ አጉርሱኝ። ቆይ ግን . . . መጀመሪያ እጃችሁን አሳዩኝ!