ሁለቱም «ሀ» የተባሉት ቆጣሪዎች

በሬ በቴሌቪዥን ካልሆነ አይተው የማያውቁ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስለ ጥማድ በሬ ሲተርቱ ብትሰሙ አትገረሙ። ተረቱ ናሁሰናይ ከሚባል ፕሮግራመር የመጣ ነው። እጁ ፈጣን ነበር፤ አፉ ግን እጁን ያስንቃል።

ነገሩ የሆነው የቅጥሩ የሙከራ ጊዜ በሚያልቅበት ቀን ነው። የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ጎበዜ የእህል መመዝገቢያ ፕሮግራማቸውን ሊረከቡ ከጎጃም መጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። አለቃው ስንዱ፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስረከብን ሥራውም ይቀራል፣ አንተም ትቀራለህ» ብላዋለች። የቀረው አሥራ ሁለቱን የፕሮግራሙን ክፍሎች በየተራ የሚገጣጥመውን ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው።

«ሻይዎን ሳይጨርሱ አስረክብዎታለሁ» አላቸው ናሁሰናይ።

ትእዛዙ ሁለት ቆጣሪ ይፈልጋል፤ አንዱ ክፍሎቹን ይቆጥራል፣ ሌላው በየክፍሉ ያሉትን ፋይሎች። ናሁሰናይ ሁለቱንም «ሀ» አላቸው።

«ኧረ ስም ለይላቸው» አለች ከኋላው ቆማ የምታየው ስንዱ።

«ቆጣሪ ናቸው እንጂ ክርስትና የሚነሱ ልጆች አይደሉም» ብሎ አስጀመረው።

ስክሪኑ ላይ «ክፍል አንድ ተገጠመ» የሚል ወጣ። ቀጥሎ «ክፍል ሁለት ተገጠመ»። ቀጥሎም «ክፍል ሁለት ተገጠመ»፤ አሁንም «ክፍል ሁለት»።

አቶ ጎበዜ ሦስተኛ ሻያቸውን ጨረሱ። ናሁሰናይ ኮምፒውተሩን አጠፋው፣ አበራው፣ በመጨረሻም ለመነው። አራተኛው ሻይ ሲመጣ ሥራው ከእጁ ሲወጣ ታየው።

«ልጄ፣ ይቺ ሁለት ግን ስንቴ ነው የምትገጠመው?» አሉ ሽማግሌው።

ስንዱ ጎንበስ ብላ ስታየው ሳቅ ቀደማት። ፋይል የሚቆጥረው «ሀ» የአንዱን ክፍል ፋይሎች በጨረሰ ቁጥር ወደ አንድ ይመለሳል። ክፍል የሚቆጥረውም ስሙ «ሀ» ነውና አብሮት ይመለሳል። ከአንድ ቀጥሎ ደግሞ ያው ሁለት ነው።

ናሁሰናይ እያላበው አንዱን «ክፍል»፣ ሌላውን «ፋይል» ብሎ ሰይሞ እንደገና አስጀመረው። ሦስት ተገጠመ፤ አራት፣ አምስት እያለ አሥራ ሁለት ሲደርስ ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ናሁሰናይ ከደስታው ብዛት የአቶ ጎበዜን አምስተኛ ሻይ አንስቶ ጠጣባቸው።

«በሬ እኮ በስሙ ሲጠሩት ነው የሚስበው» አሉ አቶ ጎበዜ፣ በሳቅ የወጣ እንባቸውን ጠርገው መረከቢያው ላይ እየፈረሙ፤ «ሁለቱን በሬ ቦራ ያለ፣ ሲያርስ ውሎ እዚያው ዋለ።»